ስልክና ኢንተርኔትን ለልጆች ትምህርት ማዋል፦ ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ፔሩ ለተማሪዎቿ ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖች አድላለች። ከዚያ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥናት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ውጤት ላፕቶፕ ያገኙትና ያላገኙት ልጆች በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና እንደማይለያዩ አሳየ።

ዴልሂ ውስጥ ግን ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። ማይንድስፓርክ የሚባለው ሶፍትዌር መጀመሪያ ልጁን ፈትኖ ያለበትን ደረጃ ይለያል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የሒሳብ ችሎታው የ4ኛ ክፍል ከሆነ ከ4ኛ ክፍል ይጀምርለታል። ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ 45 ደቂቃ በኮምፒውተር፣ 45 ደቂቃ ደግሞ በትንሽ ቡድን ሆነው ከአስተማሪ ጋር ይሠሩ ነበር። በ4 ወር ተኩል ጊዜ ውስጥ በሒሳብም በሂንዲም ዕድሉን ካላገኙት ልጆች በግልጽ በለጡ።

ልዩነቱ የመጣው ከዕቃው አይመስለኝም። በአንደኛው ቦታ ልጁ መሣሪያ ተሰጠው፤ በሌላኛው ደግሞ በራሱ ደረጃ ጥያቄ ቀረበለት፣ መለሰ፣ ስህተቱ ወዲያው ታረመለት፣ አጠገቡም ሰው ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያተኩሩት እነዚህን ነገሮች ባለዎት ስልክ ወይም ኮምፒውተር እንዴት ማሟላት እንደሚችሉ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

አፕ ከመፈለግዎ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። «ልጄ ሒሳብ ይከብደዋል» የሚለው አይጠቅምም፤ በዚህ ተነስቶ ምንም ነገር መምረጥ አይቻልም። «ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ሲደምር ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ይደምራል» የሚለው ግን ምን መሥራት እንዳለብዎት በቀጥታ ይነግርዎታል።

እዚህ ለመድረስ 5 ጥያቄዎች በወረቀት ያሠሩት። ሲጨርስ ያገኘውንም የሳተውንም «እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ብለው ይጠይቁት፤ ሲናገር አያቋርጡት። የቃል ጥያቄ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ያንብበው። ሒሳብ አቃተው የተባለ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ያቃተው ሆኖ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ለዚህ ልጅ ምርጡ የሒሳብ አፕ እንኳ አይረዳውም፤ የሚያስፈልገው ንባብ ነው።

ደረጃ 2፦ ያለዎትን መሣሪያ ይቁጠሩ

ስንት ስልክ አለ? ኢንተርኔት ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ልጁ መሣሪያውን የሚያገኘው በየትኛው ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ ነው? ዕቅዱ የሚመሠረተው በመልሱ ላይ ነው።

ተራ የቁልፍ ስልክ ብቻ ቢኖርም ሥራ መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ቦትስዋና ውስጥ ሙከራ ተደረገ። ለአንዳንድ ወላጆች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ መልእክት ብቻ ይላክ ነበር፤ ለሌሎቹ ደግሞ ከመልእክቱ በተጨማሪ አስተማሪ ደውሎ ከልጁና ከወላጁ ጋር 20 ደቂቃ ያህል ይሠራ ነበር። ስልክ የተደወለላቸው ልጆች ተሻሻሉ፤ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። መምህር ከሆኑ ይህን ልብ ይበሉት፦ የቤት ሥራ በስልክ መላክ አንድ ነገር ነው፣ ደውሎ «እስቲ የመጀመሪያውን አብረን እንሥራ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ብቻ የሚገኝ ከሆነ በሚገኝበት ሰዓት አውርዶ ማስቀመጥ ነው። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ ወይም በከፊል አውርደው ያለ ኢንተርኔት እንዲያነቡ ያስችላል። ኮሊብሪ ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የትምህርት መድረክ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ሌሎች ስልኮችና ታብሌቶች ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ከእሱ ጋር ተገናኝተው ይማሩበታል።

ክፍሉ ውስጥ ያለው የመምህሩ ስልክ ብቻ ከሆነስ? ፕሊከርስ ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ምልክት ያለበት ካርድ ታትሞ ይሰጠዋል። ልጁ ካርዱን ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ ያነሳል፤ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ ማን ምን እንደመለሰ ይታየዋል። አንዱ የሌላውን መልስ አይቶ ለመኮረጅ ስለሚቸገር ዝም የሚሉት ልጆች ሐሳብም ይወጣል።

ደረጃ 3፦ አፑን እርስዎ አስቀድመው ይፈትኑት

የመደብሩን ኮከብና አስተያየት ይተውትና አፑን ከፍተው ለ10 ደቂቃ እንደ ልጅ ይጠቀሙበት። ሆን ብለው ይሳሳቱ፤ ብዙ ነገር የሚገለጠው ያኔ ነው። ሲሳሳቱ ቀይ ምልክት አሳይቶ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ልጁ የሚማረው ነገር የለም። ለምን እንደተሳሳቱ የሚያስረዳ ወይም ጥያቄውን አቅልሎ መልሶ የሚሰጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ ሳያነቡ ዝም ብለው እየነኩ ይሂዱ፦ እንዲህም ሆኖ ወደሚቀጥለው ደረጃ ካሳለፈዎት ልጁም ይህን መንገድ ማግኘቱ አይቀርም።

ሌላው መለኪያ በ10 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ስንት ጊዜ አስቦ መመለስ እንዳለበት መቁጠር ነው። የሚጨፍር ገጸ ባሕርይ፣ የሚዘንብ ሳንቲምና ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱበት አፕ ጊዜ ይበላል እንጂ አያስተምርም። ማስታወቂያ ወይም «ይህን ለመክፈት ይግዙ» የሚል ቁልፍ ያለበትን ለሕፃናት አልመርጥም።

እኔ በልበ ሙሉነት የምጠቁማቸው ጥቂቶች አሉ። ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ካን አካዳሚ ኪድስ ነፃና ማስታወቂያ የሌለው ነው። ለሳይንስና ለሒሳብ ፌት አለ፤ የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሲሆን ልጁ ራሱ የሚነካካቸውና ውጤቱን የሚያይባቸው ሲሙሌሽኖች ስብስብ ነው፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። ለጂኦሜትሪና ለግራፍ ጂኦጀብራን የሚያህል የለም። ኮዲንግ ለመጀመር ከ8 ዓመት በላይ ላሉት ስክራች፣ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉት ስክራች ጁኒየር። ስክራችን በተለይ የምወደው ልጁ የሌላ ሰው ጨዋታ ከመጫወት ይልቅ የራሱን ጨዋታ እንዲሠራ ስለሚያደርገው ነው።

አንድ ወይም ሁለት ይበቃሉ። ስልኩ ላይ አሥር የትምህርት አፕ ያለው ልጅ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ጊዜው ያልቃል።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን ለልጅ ያዘጋጁ

ይህ 15 ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ግን አይዝለሉት። ኖቲፊኬሽን ያጥፉ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይቀጥል አውቶፕሌይን ያጥፉ። ልጁ ከአፑ ወጥቶ ወደ ሌላ እንዳይሄድ አንድሮይድ ላይ በደኅንነት ቅንብሮች ውስጥ አፕን በስክሪኑ ላይ የሚቆልፍ ምርጫ አለ፤ አይፎን ላይ ደግሞ በተደራሽነት ቅንብሮች ውስጥ ጋይድድ አክሰስ የሚባለውን ከከፈቱ የጎን ቁልፉን ሦስት ጊዜ በመጫን መቆለፍ ይቻላል።

አካውንት መክፈት የሚጠይቅ ከሆነ የልጁን ሙሉ ስም፣ ትክክለኛ የልደት ቀንና ፎቶ ከመስጠት ይቆጠቡ፤ አካውንቱ በወላጅ ስም፣ ልጁ በቅጽል ስም ይግባ። መምህራን ደግሞ የክፍሉን የቴሌግራም ግሩፕ ሲከፍቱ አባላቱ ወላጆች ይሁኑ። የልጆችን ፎቶና ውጤት እዚያ አይለጥፉ። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ልጅ ስሙ በመላው ወላጅ ፊት ሲታይ የሚሰማው ኀፍረት ከትምህርት ሊያርቀው ይችላል።

ከ5 ዓመት በታች ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፦ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ፣ ያነሰ ከሆነ ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ትምህርቱን ከወረቀት ጀምረው በወረቀት ይጨርሱ

አንድ የ25 ደቂቃ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላሳይዎት። ችግሩ ይህ ነው፦ ልጅቷ ከ1/3 ይልቅ 1/4 ይበልጣል ትላለች፤ ምክንያቷ 4 ከ3 ስለሚበልጥ ነው።

መጀመሪያ ስልኩ ተዘግቶ ይቀመጥ። ወረቀት ላይ 1/2፣ 1/3፣ 1/4 እና 1/5 ይጻፉና ከትልቁ ወደ ትንሹ ታስቀምጣቸው። ልክ አይደለም አይበሏት። ግምቷን ጽፋ ለምን እንደዚያ እንዳሰበች ትንገርዎት። ግምት ሳይኖር ስክሪን የሚያይ ልጅ የሚደንቀው ነገር አይኖርም፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ግምት ሲፈርስ ግን ልጅ ቆም ብሎ ያስባል።

አሁን ፌት ላይ የክፍልፋይ መግቢያ የሆነውን ሲሙሌሽን ይክፈቱ። ክብ ቅርጹን ትምረጥ፤ ላዕሉን 1 ላይ ትተው ታህቱን ብቻ ከ2 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 4 በቀስቱ ትጨምር። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቁራጩ እየጠበበ ይሄዳል። በየመሃሉ «አሁን 5 ብታደርጊው ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከመንካቷ በፊት ትመልስ። ከዚያ ክቡን ወደ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎም ወደ ቁጥር መስመር ትቀይረው። ይህን ማለፍ የለብዎትም፦ ክብ ላይ የገባት ልጅ ቁጥር መስመር ላይ ስትደርስ እንደገና ልትደናገር ትችላለች፤ ያ ከሆነ እውቀቱ ገና በሥዕሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚቆዩት ከ10 ደቂቃ አይበልጥም።

ስልኩ ይዘጋ። ወደ መጀመሪያው ወረቀት ትመለስና ግምቷን ራሷ ታርም፤ ከዚያ ሲሙሌሽኑ ላይ ያልነካችውን 1/8ን እና 1/10ን ሥላ ታወዳድር። በመጨረሻ «ታናሽሽ ቢጠይቅሽ እንዴት ታስረጂዋለሽ?» ይበሏት። «አንዱን ነገር ለብዙ ሰው ስናካፍለው ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል» የሚል ዓይነት መልስ ከሰጠች ትምህርቱ ገብቷታል።

ለሳይንስም አካሄዱ ያው ነው፤ ገምት፣ ተመልከት፣ አስረዳ።

ረጅም ንባብ ሲሆን ግን ስክሪንን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችን የመረመረ ትንተና ሰዎች ከወረቀት ሲያነቡ የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል፤ ልዩነቱም ጎልቶ የሚታየው ጊዜ ሲገደብና ጽሑፉ መረጃ ሰጪ ሲሆን ነው። ከኢንተርኔት ያገኙትን ጽሑፍ ማተም ከቻሉ አትመው ይስጡት።

ደረጃ 6፦ የተሳሳቱ ምርጫዎችን በደንብ ያስቡባቸው

በዚህ መመሪያ ውስጥ መምህራን ከሁሉ በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምፈልገው ይህንን ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ራሱ ያርማል፤ ግን «10 ከ15» የሚል ቁጥር ብቻ ከሆነ የሚሰጥዎት ነገ ምን እንደሚያስተምሩ አያውቁም። ይህን ጥያቄ ይመልከቱ፦

1/2 + 1/3 = ?
ሀ) 2/5
ለ) 2/6
ሐ) 1/6
መ) 5/6

ሀ የመረጠ ልጅ ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት ደምሯል። ለ የመረጠው የጋራ ታህት 6 መሆኑን አውቋል፣ ላዕሉን ግን መቀየር ረስቷል። ሐ የመረጠው አባዝቷል። ሦስቱም ተሳስተዋል፤ የሚያስፈልጋቸው ማብራሪያ ግን ለየቅል ነው። የተሳሳቱትን ምርጫዎች በዘፈቀደ 3/8፣ 7/9 ብለው ቢሞሏቸው ኖሮ ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር።

በጎግል ፎርምስ እንዲህ ይሥሩት። አዲስ ፎርም ይክፈቱና በቅንብሮቹ ውስጥ ፈተና እንዲሆን ያድርጉት። ኢሜይል መሰብሰብን ያጥፉ፤ ልጁ የመዝገብ ቁጥሩን ወይም ቅጽል ስሙን ይጻፍ። ከታች ለሀ፣ ለለ እና ለሐ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ይፍጠሩ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ለዚያ ስህተት አጭር ማብራሪያና ተመሳሳይ ጥያቄ ያስገቡ። ከሦስቱ በታች ለሚቀጥለው ጥያቄም የራሱን ክፍል ይፍጠሩ። ከዚያ ወደ ዋናው ጥያቄ ተመልሰው በሦስቱ ነጥቦች ምናሌ ውስጥ በመልሱ መሠረት ወደ ክፍል እንዲወስድ የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩና እያንዳንዱን መልስ ከክፍሉ ጋር ያገናኙ። መ የመረጠው ደግሞ በቀጥታ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይለፍ። አሁን አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ እያንዳንዱ የማብራሪያ ክፍል ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄድ ካልወሰኑ ፎርሙ በቅደም ተከተል ስለሚቀጥል ሀን የመረጠው ልጅ የለንም የሐንም ማብራሪያ ለማንበብ ይገደዳል። ስለዚህ በሦስቱም ክፍሎች ግርጌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዲዘል ያድርጉ። ከመላክዎ በፊት በራስዎ ስልክ አራቱንም መልሶች አንድ በአንድ ይሞክሩ።

ይህ ከበዛብዎት የቴሌግራም ፖል ይበቃል። ፖል ሲፈጥሩ የፈተና ሁኔታውን መርጠው ትክክለኛውን መልስ ያመልክቱ፤ ለተሳሳተ የሚታየውንም አጭር ማብራሪያ ይጻፉ። ድምፅ አሰጣጡ ስም አልባ ሆኖ ይቆይ።

ካሁትን ለመሰሉ የውድድር ጨዋታዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፍጥነት ነጥብ ሲያስገኝ ቀስ ብሎ የሚያስብ ልጅ ይሸነፋል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም መሞከሩን ይተዋል። ለክለሳና ለመዝናናት ይጠቀሙባቸው እንጂ አዲስ ነገር ለማስተማር አይጠቀሙባቸው፤ የጊዜ ገደቡንም ያራዝሙ።

ደረጃ 7፦ አጭር ቪዲዮ ራስዎ ይቅረጹ

ኢንተርኔት ላይ ብዙ ቪዲዮ አለ። ልጅ ግን የሚያውቀውን መምህሩን ድምፅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲሰማ ይበልጥ ይከተላል። ስቱዲዮ አያስፈልግም። መጻሕፍት ከምረው ስልኩን ከላይ አስተኝተው ያስቀምጡ፤ ካሜራው ከጠርዙ ወጣ ብሎ ወደ ታች ወረቀቱን ይይ። ብርሃኑ ከማይጽፉበት እጅ በኩል ይምጣ፤ አለበለዚያ የእጅዎ ጥላ ጽሑፉን ይሸፍነዋል። በወፍራም ጥቁር ማርከር ይጻፉ። ስልክ ተደውሎ እንዳያቋርጥዎ የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ ያድርጉት። ዳታ እንዳይበላ ጥራቱን ወደ 480 ወይም 720 ዝቅ ያድርጉት፤ ለወረቀትና ለእጅ ይህ ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት ተማሪዎች ከ6 ደቂቃ በታች የሆኑትን ቪዲዮዎች በተሻለ እንደሚከታተሉ አሳይቷል። ለልጆች 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃል እላለሁ፤ አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ሐሳብ። መሃል ላይ «እዚህ ጋ አቁሙና ቀጣዩን እናንተ ሥሩት» ይበሉና ጥቂት ሰከንድ ዝም ይበሉ። ያለዚህ ቪዲዮ ማየት የገባን የሚያስመስል ስሜት ብቻ ይፈጥራል።

ደረጃ 8፦ የተማረውን ከመርሳቱ በፊት ያስጠይቁት

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያስታወሱትን የጻፉት በለጡ። ማታ መጽሐፍ ገልጦ ደጋግሞ የሚያነብ ልጅ «ገብቶኛል» ቢል በቅንነት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቅ ግን ይጠፋበታል።

ስለዚህ ጥያቄውን በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመልሱት። አንኪ የሚባለው አፕ ይህን ቀጠሮ ራሱ ይይዛል፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው። ካርዶቹን ልጁ ራሱ ያዘጋጃቸው፤ በቀን ከ5 አዲስ ካርድ በላይ አይጨምር፣ አለበለዚያ ክለሳው ተከምሮ ያማርረዋል። መሣሪያ ከሌለ የወረቀት ካርድና ሦስት ሳጥን ይህንኑ ይሠራሉ፦ ያወቀው ካርድ ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል፣ የሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የመጀመሪያው ሳጥን በየቀኑ፣ ሁለተኛው በየ3 ቀኑ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ይከፈታል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ መሣሪያዎችን በክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ በታች ላሉት እርስዎ ይጠቀሙት፣ ልጁ ውጤቱን ያግኝ። ለምሳሌ እንዲህ ብለው ይጻፉለት፦ «ለ10 ዓመት ልጆች ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ስለ መደመር 5 የምርጫ ጥያቄ አዘጋጅ። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ ልጆች ከሚሠሩት የተለመደ ስህተት የመጣ ይሁን፤ ከጎኑ የየትኛው ስህተት ውጤት እንደሆነ ጻፍ።» የሚሰጥዎትን ግን አንድ በአንድ እርስዎ ይሥሩት። በሙሉ እርግጠኝነት የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ቋንቋውም ለልጅ የሚከብድ ሊሆን ስለሚችል እንደገና በራስዎ አገላለጽ ይጻፉት።

ከ13 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ደንቡ አንድ ይሁን፦ መጀመሪያ ራሱ ይሞክራል፣ ከዚያ ሙከራውን አስገብቶ «መልሱን አትንገረኝ፣ የተሳሳትኩበትን መስመር ብቻ አመልክተኝ» ይላል። መልሱን ተቀብሎ የሚገለብጥ ከሆነ የቤት ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ልጁ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

ደረጃ 9፦ ሠርቶ እንደሆነ ያረጋግጡ

አፑ የሚያሳየው ኮከብና ደረጃ ልጁ አፑን መልመዱን ነው የሚናገረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በደረጃ 1 የሰጡትን ዓይነት 5 ጥያቄ ቁጥራቸውን ቀይረው በወረቀት ይስጡት። ቀድሞ የጻፉትን ዓረፍተ ነገር አውጥተው ያ ስህተት አሁንም አለ ወይ ብለው ይዩ።

ከጠፋ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጻፉና ይቀጥሉ። ካልጠፋ መጀመሪያ የሚመረመረው ደረጃው ነው፤ ምናልባት ልጁ የጎደለው ከዚህ በፊት ያለ ነገር ይሆናል፣ ለምሳሌ የማባዛት ሠንጠረዥ። ወደዚያ ወርደው ይጀምሩ። ቀጥሎ ስክሪን ላይ ሲሆን አጠገቡ ሰው መኖሩን ይዩ። ሁለቱም ተስተካክለው ከሌላ ሁለት ሳምንት በኋላ ለውጥ ከሌለ አፑን ከስልኩ ያጥፉትና ያንኑ 25 ደቂቃ ከልጁ ጋር በወረቀት ይሥሩበት።